የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ከሃይላንድ ክዳን እስከ ጣና

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ስልክ ውኃ ውስጥ ለምን ኔትወርክ አያገኝም?» ስትለኝ ነው። የሬዲዮ ሞገድን ውኃ ቶሎ ይውጠዋል። ድምፅ ግን ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። «በድምፅ እናውራ በቃ!» አሉ ልጆቹ።

ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ድምፅንም መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትራንስዱሰር ያስፈልግ ነበር። የምንገዛበት ብር የለንም። ከሚጮሁ አሻንጉሊቶችና ከተበላሹ የጠረጴዛ ሰዓቶች ፒዞ ፈታን። በስስ ናስ ላይ የተለጠፈች ነጭ ሴራሚክ ናት፤ ከነናሷ ስፋቷ 27 ሚሊ ሜትር። ሲጫኗት ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፤ የኩሪ ወንድማማቾች ይህን ጠባይ በ1880 እ.ኤ.አ. በክሪስታሎች ላይ አግኝተውታል። ሴራሚኳ ብቻዋን ብትሆን፣ በዚህ ትንሽነቷ ጆሯችን የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ነበር የምታወጣው። ናሱ ላይ ስለተለጠፈች ግን እንደ ከበሮ ቆዳ እየጎበጠች በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ትጮኻለች።

ጥቅምትና ኅዳር ከውኃ ጋር ስንታገል አለቁ። የሻማ ሰም ሞከርን፤ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ከፊትም ከኋላም በኢፖክሲ ደፈንናት፤ ድምፅዋ ጠፋ። «ጥሩ አድርጋችሁ ድፈኑ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ድርቅ ባለ ማጣበቂያ ተቀብራ እንዴት ትጎብጥ? በመጨረሻ የሃይላንድ ክዳን ላይ ገጠምናት። ከኋላዋ አየር አስቀረን፣ ፊቷን ስስ ሲሊኮን ቀባን። ሠራች።

በርሜል ውስጥ ስንከታት ግን በ4,000 ኸርዝ ዝም አለች። «ተቃጠለች!» ተባለ። አንዱ ልጅ ተስፋ ሳይቆርጥ በስልኩ አፕ ድምፁን ቀስ እያለ ወደ ወፍራም አወረደው። እንደገና ጮኸች! ለካ ውኃው ከብዷት፣ መርገብገቧ ዘግይቶ ነው።

መልእክቱን በምን እንላክ? ልጆቹ የሞርስ ኮድን ትተው የፊደል ገበታን መረጡ። መጀመሪያ የረድፉ ቁጥር፣ ቀጥሎ የቤቱ። «ላ» ሁለት ምት፣ ከዚያ አራት። «ጣና» ብለን ልንልክ ፈልገን ነበር፤ ጠ 27ኛ ረድፍ ላይ ስለሆነች «ጣ» ብቻዋን 31 ምት ፈጀች። ተውናት።

ግንቦት ላይ በሁለት የደንገል ታንኳ ጣና ገባን፤ ሁላችንም የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሰን። የሞተር ጀልባ ባለፈ ቁጥር ምንም አይሰማም ነበር። ፀጥ ሲል በ30 ሜትር ርቀት «ሰላም» ላክን። ተቀባዮቹ እየቆጠሩ ጻፉ፦ ሰ፣ ላ... የመጨረሻዋ ላይ አንዲት ማዕበል የታንኳውን ጎን መታች። እሷንም ቆጠሯት። ስድስቱ ሰባት ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበቡ አባላት ኮሪደር ላይ ሲገናኙ «ሰላሞ!» ነው የሚባባሉት።