ይድረስ ለእናቴ፦ ስለ መንጋጋሽ ሕመም

የምወድሽ እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ ሱሉልታ መጥቼ ቡና ስንጠጣ፣ ከቆሎው ጥቂት ዘግነሽ ማኘክ እንደጀመርሽ እጅሽን ከጆሮሽ ፊት ለፊት አድርገሽ ዓይንሽን ስትጨፍኚ አየሁሽ። «ብርድ ነው» ብለሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

ዓምና ለዚሁ ሕመም ጥርስሽን ሲነቅሉት አብሬሽ ነበርኩ። ጥርሱ ወጣ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀሽም። በእርግጥ የታመመው ጥርሱ መሆኑን ሳልጠይቅ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጣትሽን ከጆሮሽ ቀዳዳ ፊት አሳርፈሽ አፍሽን ስትከፍቺ የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ስስ አካል አለ፤ መገጣጠሚያው እንደ በር ማጠፊያ ከመታጠፉም በላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እርሱ ወይም በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ሲቆጡ ሕመሙ ወደ ጆሮ፣ ወደ ራስና ወደ ጥርስ ስለሚሰራጭ፣ ጤነኛው ጥርስ የታመመ ይመስላል። አባባ ካረፈ ወዲህ ሌሊት ጥርስሽን እንደምታፋጪ እህቴ ነግራኛለች፤ ጭንቀት ጥርስ አጥብቆ ከማስነከሱ የተነሣ ጡንቻው ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ያድራልና፣ የኔ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ቆሎና ቋንጣ ይቅርብሽ፤ በሽሮ የራሰ ፍትፍትና ገንፎ ብዪ፣ የገብሱ ጣዕም ካማረሽም በሶ ይበጥብጡልሽ። ፎጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ጨምቂና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉንጭሽ ላይ ያዢው። ከምግብ ሰዓት ውጭ ከንፈርሽ ይገጠም እንጂ የላይና የታች ጥርስሽ አይነካካ፤ ስታዛጊም አገጭሽን ከሥር በእጅሽ ደግፊው። ደም ግፊትና ጨጓራ ስላለብሽ አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትወስጂ አደራ። መንጋጋሽ ቀጭ ማለቱ ብቻውን አያስፈራም፤ ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በቸልታ እንዳታልፊብኝ። ስታኝኪ መንጋጋሽ እየዛለ ካመመሽና ከዓይንሽ ጎን ያለው የራስሽ ክፍል ሲነካ ካመመሽ፣ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለብሽ፤ ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ የሚከሰት፣ ዓይን እስከማጥፋት የሚደርስ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል። ዳገት ስትወጪ መንጋጋሽን ካመመሽና ደረትሽን ካፈነሽ ደግሞ ጉዳዩ የልብ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ደውዪልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ። ሌሊት ጥርስ ላይ የሚደረገው መከላከያ ይጠቅምሽ እንደሆነ አብረን እንጠይቃለን፤ ምክንያቱ በራጅ ታይቶ ሳይነገረን ግን ሌላ ጥርስ አናስነቅልም። እስከዚያው ፎጣውን ማታ ማታ አትርሺው።

አክባሪሽ ልጅሽ
ከቱሉ ዲምቱ