«ስምዎ የለም» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

«ሲስተም የለም» መባልን ሁላችንም ለምደነዋል። ወረፋ ይዘን እንጠብቃለን፣ ሲመጣ እንስተናገዳለን። እኔ የምጽፈው ግን ሲስተሙ እየሠራ፣ ኔትወርኩም ደህና ሆኖ፣ ሰው «ስምዎ የለም» ተብሎ ስለሚመለስበት ጉዳይ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ነገሩ ያበሳጨኛል።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከፊቴ የነበሩት እናት ስማቸው ዓለምፀሐይ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አለምጸሃይ» ብላ ጻፈች፤ ምንም አልመጣም። «እማማ፣ እዚህ አልተመዘገቡም።» «ኧረ ልጄ፣ አምና እዚሁ ነው የተመዘገብኩት!» ልጅቷ ደግማ ጻፈች፣ ያንኑ በዚያው ፊደል። ኋላ በስልክ ቁጥራቸው ስትፈልግ ወዲያው ተገኙ።

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ኮምፒውተር አ እና ዐ ለኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም፤ ለሱ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው፣ የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። እስቲ ይቺን ስም እንቁጠራት። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፣ ፀ ሁለት መልክ አለው፣ ሐ ደግሞ ከሀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ጋር ስድስት። ሲባዛ 48። «ዓለም ፀሐይ» ተብሎ ተነጥሎ ሲጻፍ ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዳታቤዙ (የመረጃ ማከማቻው) ውስጥ ለስም ሁለት ቦታ ያዙ። አንዱ ባለቤቱ እንደጻፈው፣ ሳይነካ የሚቀመጥበት። ሌላው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው የተቀየሩበት፣ ሃ እና ኣ ወደ ግዕዛቸው የተመለሱበት፣ ክፍት ቦታውም የጠፋበት። ሰው ሲፈልግም የጻፈው ነገር በዚያው ወንፊት ይለፍ። ብዙ ሰው የፍለጋውን ቦታ ሠርቶ ይሄን ይረሳዋል፣ ከዚያ «አልሠራ አለኝ» ይላል።

«ፊደላችንን ልታጠፉ ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ድምፃቸው ለየቅል ነው፣ በአማርኛም ቢሆን ስሙን በኃ የሚጽፍ ሰው በኃ ሊታተምለት ይገባል። መታወቂያና ደረሰኝ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ማንም አያየውም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ እሱም እዝባር ነው። «ገ/» ሲባል ገብረ ነው ብሎ መገመት ይቻል ይሆናል፤ «ወ/ማርያም» ግን ወልደ ማርያም ናቸው ወይስ ወለተ ማርያም? «ተ/»ስ ተክለ ነው ተስፋ? እዚህ ላይ ኮድ አይገምት፣ ሲመዘገብ በሙሉ ይጻፍ።

ቀን ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ከፈረንጅ ዓመት 8 ቀንሶ የሚሄድ ኮድ አይቻለሁ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ስለሆነ በዚያ ወቅት የተወለደ ሁሉ ዓመቱ ይዛባል። ቀኑን በጎርጎርዮስ አስቀምጡና ለማሳየት ብቻ ቀይሩት። ስትሞክሩትም በጥር 1 አትሞክሩ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ስጡት፤ መስከረም 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ካላለ ኮዱ ገና ነው። የቀን መምረጫው ላይ ጳጉሜን ጨርሶ የረሱም አሉ፣ ያንን እንተወው።

ለደንበኛ አጭር መልእክት የምትልኩ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ። «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ሰላምታ ብቻ ከነክፍት ቦታው ዘጠኝ ይበላል።

አዘጋጁ ሆይ፣ እግረ መንገዴን፣ የእናንተም ድረ ገጽ ላይ «ሠራተኛ» ብዬ ስፈልግ የሚመጣው ጽሑፍ «ሰራተኛ» ብዬ ስፈልግ አይመጣም። ለባለሙያችሁ ከላይ ያለውን አሳዩት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ፕሮግራመር
ከአዲስ አበባ