የሕሙማን ማረፊያ ቤታችንን ጣሪያ መልሶ ለመክደን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በአገር ቤትና በውጭ አገር ለምትኖሩ ወዳጆቻችን በሙሉ፤

በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ሌሊት የጣለው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የማረፊያ ቤታችንን የጓሮ ክፍሎች ጣሪያ አፍርሶታል። እግዚአብሔር ይመስገንና በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ ይሁንና ከአሥራ አራቱ አልጋዎች ዛሬ ዝናብ የማይደርስባቸው ስድስቱ ብቻ ናቸው። በዚያ ሌሊት ከቀዶ ሕክምና የተመለሱ አንድ አባት፣ ከጎናቸው የወጣውን የፍሳሽ መቀበያ ከረጢት በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው የአስታማሚ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ በጭቃው መሐል ወደ ወጥ ቤቱ ሲሻገሩ በዓይናችን አይተናል። ዘንድሮ ይህ ሦስተኛው ልመናችን መሆኑ እናንተን እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል።

ቤቱ የቆመው ለማን እንደሆነ ነባር አባላት ታውቃላችሁ። ከክፍለ ሀገር በሪፈር ወረቀት የሚመጡት እንግዶቻችን አብዛኞቹ በጉበት፣ በሐሞት ቱቦ ወይም በቆሽት ላይ ዕጢ የወጣባቸው ናቸው። «ቆሽቴ አረረ» ማለቱን ሁላችንም እንችልበታለን እንጂ፣ ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተኝቶ የሐሞት ቱቦ በራሱ በኩል አልፎ ወደ አንጀት እንደሚገባ የምናውቅ ጥቂት ነን። በዚያ ቦታ ዕጢ ሲበቅል ቱቦው ይዘጋል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ገላ ያሳክካል። ይህንን «የወፍ በሽታ ነው» ብለን ሥር ስንቀጠቅጥና ስንጠጣ ወራት ያልፋሉ። አምና ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት ማሳከኩ እንቅልፍ ቢነሣቸው ጀርባቸውን በበቆሎ ቆረቆንዳ ሲፈትጉ ከርመው፣ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ነጠላቸው ከቁስላቸው ጋር ተጣብቆ ነበር። የቆሽት ካንሰር ሲታወቅ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው ከአምስት ታማሚዎች በአንዱ ላይ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ «ይወጣልሃል» የሚል ቃል ከሐኪም ያገኘ ሰው በማደሪያ እጦት ቀጠሮው ሊያልፍበት አይገባም እንላለን።

«ሆስፒታሉ ያስተኛቸው የለም ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን ወገኖች፦ ሆስፒታሉ የሚያስተኛው ለቀዶ ሕክምናው ነው። ቢጫነቱ የበረታበት ታማሚ ግን አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋው ቱቦ በቀጭን ማስተላለፊያ ተከፍቶለት፣ ሰውነቱ እስኪያገግም ሳምንታት መጠበቅ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ያለውም ቀላል አይደለም። ለቆሽት ራስ ዕጢ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ እርሱ ባሳተመው በአሜሪካዊው ሐኪም በአለን ዊፕል ስም «ዊፕል» የሚባለው፣ የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የቱቦውን ክፍል አንድ ላይ የሚያወጣ፣ የቀረውን ቆሽት፣ ቱቦውንና ጨጓራውን ደግሞ መልሶ ከአንጀት ጋር የሚሰፋ፣ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ከሦስቱ ስፌቶች ይበልጥ የሚያሰጋው የቆሽቱ ነው፤ ካፈተለከ ምግብ የሚፈጨው ፈሳሽ የገዛ ሥጋን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ትኩሳት ቢጀምረው በቶሎ የሚመለስበት ቅርብ ቦታ ማደር አለበት። ጉበት በዚህ በኩል ቸር ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ከግማሽ በላዩ ተቆርጦ እንኳ የቀረው ያድጋል፤ በሄፓታይተስ ቢ ቆስሎ የጠጠረ ጉበት ግን ይህ አይሆንለትም።

ስላለፈው ገንዘብ «የት ገባ?» የሚል ወሬ ጆሯችን ደርሷል። የመጀመሪያው መዋጮ አልጋዎቹን፣ ፍራሾቹን፣ የውኃ ሮቶውንና ሽንት ቤቱን ሠርቷል፤ ደረሰኙ በፋይል ተቀምጧል፣ የፈለገ መጥቶ ያገላብጥ። በጠቅላላ ጉባኤ ያነጋገረን ፍሪጅ የተገዛው ለስላሳ ለማቀዝቀዝ ሳይሆን፣ ቆሽታቸው ተቆርጦ ስኳር ለያዛቸው ሰዎች ኢንሱሊን ለማስቀመጥ ነው። በየወሩ ለመድኃኒት የምናወጣው ብርም ከምግብ ጋር ለሚዋጠው የቆሽት ኢንዛይም ነው፤ ያለ እርሱ ብዙዎቹ የበሉት ቅባት ሳይፈጭ ያልፋል፣ ሰውነታቸውም ይከሳል። ጥፋታችንን ግን አንደብቅም። ወራጁን ምስጥ እንደበላው እያየን፣ አናጢውም «ዘንድሮን ይሻገራል» ብሎ ስላጽናናን፣ ጣሪያውን ትተን ግድግዳውን ቀለም አስቀባን። ቀለሙ ዛሬም ያምራል።

አሁን የሚያስፈልገን ቆርቆሮ፣ ወራጅ፣ ማገርና ሚስማር ነው። የእጅ ዋጋውን ሁለት የሰፈራችን አናጢዎች በነጻ ችለውናል። በጠቅላላው 410 ሺህ ብር ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ እስካሁን የተሰበሰበው 137 ሺህ ነው፤ ከነሐሴ መጀመሪያ ወዲህ ግን አንድም ሰው አልጨመረም። የታመመን መጠየቅ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ግዴታ ነውና አሥራታችሁን ወይም ሰደቃችሁን ለዚህ ብታውሉት ከቦታው እንደ ገባ ቁጠሩት። ገንዘብ ያጠረው አንድ ቆርቆሮ ይዞ ቢመጣ በደስታ እንቀበላለን።

ገቢ የሚደረገው በማኅበሩ ስም በተከፈተውና በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ነው፤ ቁጥሩ የማኅበሩ ማኅተም ባረፈበት ደረሰኝ ራስጌ ላይ ታትሟል። በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ሒሳብ ብር የሚቀበል የኮሚቴ አባል የለም። በውጭ አገር ያላችሁም በዚሁ በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ ላኩ፤ ስትልኩ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይቀላቀልብን።

ከመስከረም አጋማሽ በፊት ለቀዶ ሕክምና የተቀጠሩ አራት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ አሁን የሚያድሩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በድጋሚ እናሳስባለን፦ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም የተከፈተው ብቻ ነው፤ በእጅ የሚሰጥም ካለ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳይቀበል አይስጥ።

የማረፊያ ቤቱ ኮሚቴ