የዘገየ ደብዳቤ ከበርገን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከዝናቡ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ። የመጨረሻዋ ደብዳቤህ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ነገ እመልሳለሁ ስል ከረምኩ፤ ኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ባለፈው እሑድ እዚህ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ በካቴድራሉ በኩል ሳልፍ ቀና ብል፣ ግድግዳው ላይ የመድፍ ጥይት ተሰክቷል። ሁሌ የማልፍበት መንገድ እኮ ነው! የታሪክ መምህራችንን በጥያቄ የምታስጨንቀው አንተ ነበርክና ወዲያው ትዝ አልከኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 እንግሊዝና ሆላንድ በባሕር ንግድ ተጣልተው ይዋጉ ነበር። ከእስያ የሚመለሱት የሆላንድ መርከቦች በእንግሊዝ ደጃፍ ማለፍ ፈርተው፣ በስኮትላንድ በላይ ዞረው እዚህ ወደብ ተጠለሉ። ከሌሎች የንግድ መርከቦች ጋር ወደ 50 ደረሱ። ከጭነታቸው መካከል ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ነበር። ያኔ ሀብት ማለት እሱ ነው፤ የእናትህ ጓዳ ብቻውን ጦርነት ያስነሳ ነበር።

ኖርዌይን ይገዛ የነበረው የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ 3ኛ ከእንግሊዞች ጋር በድብቅ ተስማማ። እናንተ ዝረፉ፣ እኛ ዝም እንላለን፣ ምርኮውን እኩል እንካፈላለን። በይፋ ግን የሆላንድ ወዳጅ ነበር፤ ጉድ ነው!

ታዲያ "አትተኩስ" የሚለው ትእዛዝ ለምሽጉ አዛዥ ለሲሲኞን አልደረሰም። የእንግሊዝ መርከቦች አዛዥ ቴዲማን ደግሞ መጠበቅ አልቻለም። በኦገስት አንድ ማለዳ ውጊያው ተጀመረ። ነፋሱ ከየብስ ወደ እንግሊዞች ስለሚነፍስ ጭሱ ዓይናቸውን ጋረደው። በእሳት ተያይዘው ወደ ጠላት የሚለቀቁት መርከቦችም ሥራ ፈቱ። ጥይታቸው ምሽጉ ላይ ሲያርፍ ሲሲኞንም መድፉን አዞረባቸው። ከ400 በላይ እንግሊዛውያን ሞተውና ቆስለው፣ አንድም የሆላንድ መርከብ ሳይማርኩ ወጡ።

ትእዛዙ የደረሰው ከቀናት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቴዲማንም ዳግመኛ አልሞከረም።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ መሳቢያው ትዝ አለኝና ብዕር አነሳሁ። አድራሻህ ካልተለወጠ ይቺ ትደርስሃለች። ተቀይመህ ከሆነ ከመተኮስህ በፊት አንብባት። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ልጅ ወለድክ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስሙን እንኳ አላውቅም፤ ጻፍልኝ።

ያንተው፣
ዝምተኛው