ለልጆቻችን መድረክ አትንፈጓቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የ6 ዓመቷ ልጄ እንግዳ ሲመጣ ከጀርባዬ ትደበቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት እንኳ ይከብዳታል።

አምና ለወላጆች ቀን በተዘጋጀ ድራማ ዶሮ ሆና እንድትጫወት ተመረጠች። የምትናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለአያቷ፣ በኋላም ለጎረቤት ልጆች ደጋግማ አሳየች። በዕለቱ መድረክ ላይ ቃሉ ጠፋባት። ዝም አለች። ሮጬ ላወርዳት ምንም አልቀረኝም። አጠገቧ የቆመው ልጅ በሹክሹክታ አስታወሳት፤ ቀጠለች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ተሳስታም ምንም እንደማትሆን በራሷ አየች። ይሄንን እኔ በምክር ላስተምራት አልችልም ነበር። አሁን ሱቅ ስልካት መልሷን ቆጥራ ትጠይቃለች።

ዘንድሮ ዝግጅቱ «የትምህርት ጊዜ ይሻማል» ተብሎ ቀረ። በጣም አዘንኩ። እኛ እኮ እኩዮቻችን አባባ ተስፋዬ ፊት ተረት ሲያወሩ በቴሌቪዥን እያየን ያደግን ነን። ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ደግሞ መሀል ከተማ ናቸው፤ ከዚህ ልጅ ይዞ ታክሲ መቀያየር ቀላል አይደለም።

የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል (የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ለሠርግና ለለቅሶ ይከፈታል። በወር አንድ ቅዳሜ ለልጆችም ይከፈትልን። ተረት ያውሩ፣ እንቆቅልሽ ይጠያየቁ፣ ይዘምሩ። የፈራ ልጅ ግን አይገደድ፤ መጋረጃ መክፈትም ለጊዜው ይበቃዋል። ወንበር በማሰባሰቡ እኔ አለሁ።

አንዲት እናት፣ ከየካ አባዶ