ለእማዬ፦ ስለ እግርሽ ማቃጠልና ስለ ጾም ምግብሽ

እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ? የሱሉልታ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ኮዬ ፈጬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «አያታችን መቼ ነው የምትመጣው» እያሉ ይጠይቁኛል። ከአንዱ የከተማ ዳር ወደ ሌላው ዳር መምጣት ከሥራ ጋር አልመች ብሎኛል። በስልክ ደግሞ ይህን ሁሉ ማስረዳት ከባድ ነው። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

የምትበይውን በየቀኑ እየጻፈች እንድትልክልኝ ለምን እንደጠየቅኳት ሳይገርምሽ አልቀረም። ስልኬ ላይ ክሮኖሜትር የሚባል አፕ አለ። የተበላውን ምግብና መጠኑን ስታስገቢለት በውስጡ ስንት ካልሲየም፣ ስንት ብረት፣ ስንት ቫይታሚን እንዳለ ያሰላል። ከዚያ በዕድሜሽ ከሚያስፈልግሽ ጋር ያስተያያል። መረጃው በብዛት የአሜሪካና የካናዳ ስለሆነ የቤታችንን ወጥ በቀጥታ አያገኘውም። ስለዚህ የሽሮ ዱቄቱን፣ ሽንኩርቱንና ዘይቱን በግራም እየመዘንኩ «የእማዬ ሽሮ» ብዬ መዘገብኩት። ምስር ወጡንና ጎመኑንም እንደዚሁ።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልንገርሽ። የጾም ገበታሽ ባዶ አይደለም። ከሽሮውና ከምስሩ የሚገኘው ፎሌት፣ ደም ለመሥራት የሚረዳው ቫይታሚን፣ ሞልቶ ይተርፋል። ማግኒዚየሙም ጥሩ ነው። ብረቱም ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ 100 ግራም ጤፍ ሳይበስል ወደ 7.6 ሚሊ ግራም ብረት አለው፣ ላንቺ ዕድሜ የሚመከረው ደግሞ በቀን 8 ነው። ግን አፑ የሚቆጥረው አፍ የገባውን ነው፤ ደም ውስጥ ስንቱ እንደደረሰ አያውቅም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፣ ብረቱን ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ይህ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ሊጥሽን እንደ ልማድሽ በደንብ አቡኪው፣ ማንም አያስቸኩልሽ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት፤ ሎሚ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ቡናሽን ተዪ አልልሽም። ከምግብ ጋር ከሚሆን ግን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይፈላ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በጾም ቀን አፑ ላይ ቫይታሚን ቢ12 የሚለው መስመር ዜሮ ይላል፤ ይህ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው። የሚያስፈልገው በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፣ በጣም ትንሽ። ነገር ግን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። አንቺ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን አታስታጉዪም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15፤ ሌሎቹ አሉ።

«ከልጅነቴ ጀምሬ ስጾም ምን ሆንኩ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያጠራቅም እጥረቱ ቶሎ አይታይም። አሁን ግን ሁለት ነገር ተጨምሯል። አንዱ ዕድሜ ነው፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ የጨጓራ አሲዱ ሊቀንስ ይችላል፣ ያኔ ቢ12ን ከምግቡ መለየት ያቅተዋል። ሌላው የስኳር መድኃኒትሽ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው።

እማዬ፣ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል ትያለሽ። ስኳር እንዲህ ያደርጋል። የቢ12 እጥረትም ልክ እንዲህ ያደርጋል፤ ሁለቱ አንድ ላይም ሊመጡ ይችላሉ። በስሜት ብቻ አይለዩም፣ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የደም ማነስ የለብሽም መባሉ ብቻውን አያረካኝም። ፎሌት በብዛት ሲኖር ደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል፣ ነርቩ ግን መጎዳቱን አይተውም። ብዙ ከቆየ ደግሞ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። እኔን ያስጨነቀኝ ይኼ ነው።

ጾምሽን ፍቺ እያልኩሽ አይደለም፤ አልልሽምም። ቢ12 በእንክብልም በመርፌም ይሰጣል። እንክብሉ ውስጥ ያለው ከምግብ መለየት ስለማያስፈልገው ጨጓራው ለደከመም ሰው ይቀላል። የትኛውንና ስንት እንደምትወስጂ ግን ሐኪሙ ይዘዝ። ሜትፎርሚኑንም በራስሽ እንዳታቆሚ፣ አደራ።

ካልሲየሙም ይጎድላል፤ ላንቺ ዕድሜ ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ይመከራል። በፍስክ ቀን የሱሉልታ ወተት አጠገብሽ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ወደ 300 ይሰጥሻል። በጾም ጓሮሽ ያለውን ጎመን አብዢ፤ ሰውነት ካልሲየሙን ከቆስጣ ይልቅ ከጎመን በደንብ ይወስዳል። ሰሊጥም ከነቅርፊቱ ጥሩ ነው። ቫይታሚን ዲ ከምግብ እምብዛም አይገኝም፣ አፑም ፀሐይ መሞቅሽን አይቆጥርም። ፀሐይ ከፍ ስትል ጋቢሽን ገለጥ አድርገሽ ክንድሽን ትንሽ አሙቂው።

ለሐኪሙ እንዲህ በዪልኝ፦ ሜትፎርሚን ከጀመርኩ ይህን ያህል ዓመት ሆነኝ፣ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፣ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ቢ12 ይለካልኝ። እዚያ ምርመራው ከሌለ ከተማ ገብተን እናሠራዋለን፤ ስለ ገንዘቡ አታስቢ። እህቴ የቀጠሮ ካርድሽን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ቀኑን አይቼ ከሥራ ፈቃድ እጠይቅና አብሬሽ እገባለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ