የትራጄዲ ስያሜዎች ከተውኔቱ ተነጥለው አይጠኑ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴ ከተማ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቻችን ለፈተና ሲዘጋጁ የድራማ ስያሜዎችን ከነፍቺያቸው በደብተር ዘርዝረው ይሸመድዳሉ፤ ስያሜዎቹ ከሚገልጹት ተውኔት ግን አንዲት ትዕይንት እንኳ ሳያነቡ ያልፋሉ። ካታርሲስ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «በፍርሃትና በርኅራኄ የሚገኝ የስሜት መንጻት» ብለው ሳይደናቀፉ ይመልሳሉ፤ የማን ዕጣ እንደሚያስፈራ፣ ለማንስ እንደሚታዘን ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም።

አርስቶትል ስለ ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) ሲጽፍ የግሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «ኤዲፐስ ንጉሥ» ደጋግሞ በምሳሌነት ያነሣል። ቴብስን ቸነፈር ሲያጠቃት ንጉሥ ኤዲፐስ የቀድሞውን ንጉሥ የላይዮስን ገዳይ ፈልጎ ሊይዝ ይነሣል፤ ገዳዩንም በሕዝብ ፊት ይረግማል። የአቴና ተመልካች ታሪኩን አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር፣ ንጉሡ የረገመው ራሱን መሆኑን ከንጉሡ በፊት ይረዳል፤ ድራማዊ ምጸት የምንለው ይህንን ነው። ቀጥሎ ከቆሮንቶስ የመጣ መልእክተኛ፣ ኤዲፐስ እናቱን እንዳያገባ የሚፈራውን ፍርሃት ሊያስወግድለት ብሎ፣ በቆሮንቶስ ያሳደጉት ሰዎች የሥጋ ወላጆቹ እንዳልሆኑ ይነግረዋል። ለማጽናናት የተነገረው ቃል ነገሩን ሁሉ ወደ ተቃራኒው ይገለብጠዋል። አርስቶትል ፔሪፔቲያን ያስረዳው በዚሁ መልእክተኛ ነው፤ ይህ መገልበጥ አናግኖሪሲስ ከሚባለው ማንነትን የማወቅ ቅጽበት ጋር ሲገጥም ከሁሉ የላቀ እንደሚሆንም ጽፏል። ይህንን ትዕይንት ጮክ ብሎ ያነበበ ተማሪ ሁለቱን ስያሜዎች የሚረሳቸው አይመስለኝም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሃማርቲያ፣ ማለትም መሪውን ገጸ ባሕርይ ለውድቀት የሚዳርገው ስሕተት፣ አያያዝ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች የመሪውን ገጸ ባሕርይ ኃጢአት ፈልገው «ትዕቢት» ወይም «ቁጣ» ብለው ይጽፋሉ። አርስቶትል የሚለው ግን በክፋቱ ሳይሆን በስሕተት ስለሚወድቅ፣ እጅግ ጻድቅም ክፉም ስላልሆነ ሰው ነው። ኤዲፐስ ላይዮስን በመስቀለኛ መንገድ ሲገድል አባቱ መሆኑን አላወቀም። ነገሩን ወደ ኃጢአትና ቅጣት ብቻ ካወረድነው ተማሪው «እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ብሎ ይገላገላል፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱም ርኅራኄውም ይጠፋል።

ኮረስን፣ ማለትም በግሪክ ተውኔት በአንድነት የሚያዜመውን ቡድን፣ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ መንዙማ ሲባል አንዱ መሪ ሲያዜም ጉባኤው እንዴት እንደሚቀበል ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ልዩነቱም አብሮ መነገር አለበት፤ የሶፎክልስ 15 የኮረስ አባላት በዚህ ተውኔት የቴብስ ሽማግሌዎች ሆነው ይጠይቃሉ፣ ይመክራሉ፣ ስለ ከተማቸውም ይጨነቃሉ።

ገቢር፣ ትዕይንት፣ መቼትና ምልልስ ብዙ ማብራሪያ አይሹም፤ በንባብ መካከል ይለመዳሉ። የሚነበብም አላጣንም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን እና «ማክቤዝ»ን በአማርኛ አቅርቦልናል። በ«ኦቴሎ» ውስጥ ተንኮለኛው ኢያጎ መድረኩ ላይ ብቻውን ሲቀር የሚናገረውን ቀጥሎ ለኦቴሎ ከሚለው ጋር አስተያይቶ ያነበበ ተማሪ፣ ገጸ ባሕርይ ለራሱ የሚናገረው ለሌላው ከሚናገረው በምን እንደሚለይ ከማንኛውም የፍቺ ዝርዝር በተሻለ ይገነዘባል።

ስለዚህ መምህራን ባልደረቦቼ ትዕይንቱን በክፍል ውስጥ ካስነበቡ በኋላ ስያሜውን እንዲሰጡ፣ ፈተና አውጪዎችም ፍቺ ከመጠየቅ ይልቅ ከተውኔቱ ቅንጭብ አቅርበው በውስጡ ምን እየተፈጸመ እንዳለ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። የጋዜጣችሁ የኪነ ጥበብ ዓምድም አልፎ አልፎ አንድ ትዕይንት ከአጭር ማብራሪያ ጋር ቢያትምልን፣ መጽሐፉ በእጃቸው ለሌለ ተማሪዎች ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ከደሴ